ዋት ማነስ ቁጠባ አይደለም

መርካቶ ስቶቭ ልገዛ ሄጄ ሻጩ «ይሄ 1000 ዋት ብቻ ነው፣ መብራት አይበላም» አለኝ። አምኜው ገዛሁ። ብዙ ሰው እንደኔ እያመነ ይገዛል፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ዋት የሚነግረን ዕቃው ኃይል የሚጠጣበትን ፍጥነት ነው። ቆጣሪው የሚያስከፍለን ግን ሥራው እስኪያልቅ የጠጣውን በሙሉ ነው።

ቤት ገብቼ ሞከርኩት። 1 ሊትር ውሃ፣ ቴርሞሜትርና የስልኬ ሰዓት ይበቃሉ። ውሃው ሲጣድ 20 ዲግሪ ነበር። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 100 ሳይሞላ፣ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። 1 ሊትር ውሃ በ1 ዲግሪ እንዲሞቅ 4.2 ኪሎ ጁል (ኪሎ ጁል የኃይል መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ይፈልጋል። ለ72 ዲግሪ 302 ኪሎ ጁል መሆኑ ነው። በምንም ይጣድ፣ ውሃው ከዚህ ባነሰ አይፈላም።

ባለ 2000 ዋቱ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ በ3 ደቂቃ አፈላው። በሴኮንድ 2 ኪሎ ጁል፣ በ180 ሴኮንድ 360። 302ን ለ360 ስናካፍል 84 በመቶ ይመጣል፤ ከጠጣው ውሃው ጋ የደረሰው ይህን ያህል ነው። «አይበላም» የተባለው ስቶቭ ግን 10 ደቂቃ ፈጀ። 600 ኪሎ ጁል ጠጥቶ ለውሃው የሰጠው ግማሹን ነው። ቀሪውን ከድስቱ ጎንና ከስቶቩ ሥር እጄን ሳስጠጋ አገኘሁት።

የለካሁት ሌሊት ላይ፣ ቮልቴጁ ሙሉ ሲሆን ነው። ማታ ማታ 220 መሆን ያለበት ወደ 190 ሲወርድ፣ 2000 ዋት የተባለው ዕቃ 1500 ያህል ብቻ ይሰጣል። በዚያ ሰዓት የሚለካ ሰው ዕቃው ላይ የተጻፈውን ትቶ ቆጣሪውን ያንብብ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ጉዳቱ ይብሳል። ብዙዎቹ ከ3500 ዋት በላይ ናቸው። እናቶቻችን ሲጋግሩ የምጣዱ ሆድ እጅ የማያስነካ ከሆነ፣ ከሥሩ ሙቀት የሚይዝ ነገር በደንብ አልተደረገም ማለት ነው። እንጀራውን ያላበሰለ ሙቀት ግን ተከፍሎበታል።

ስለዚህ ደረጃ የሚያወጡ መሥሪያ ቤቶች አንድ ነገር ያስገድዱልን፦ 1 ሊትር ውሃ ለማፍላት ስንት ዋት ሰዓት (አንዱ 3.6 ኪሎ ጁል ነው) እንደሚፈጅ ካርቶኑ ላይ ይጻፍ። ማንቆርቆሪያው ላይ 100፣ እኔ የገዛሁት ስቶቭ ላይ 167። ያን ቀን ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ባያቸው ኖሮ ስቶቩን አልገዛም ነበር።