ሥልጠናው ይቅር፣ ፊርማው ይምጣ

ሰሞኑን እዚህ ጅማ በተደረገ አንድ የምርምር ስብሰባ ላይ፣ ከሌላ ከተማ የመጡ የዩኒቨርሲቲ ኃላፊ መድረኩን ያዙ። የዩኒቨርሲቲያቸውን ስም አልጠራም። ብጠራው ሌሎቹ «እፎይ፣ እኛን አይደለም» ብለው ይተኛሉ። ያሉት ባጭሩ ይህ ነው። መምህራኖቻችን የውጭ ግራንት፣ ማለትም የምርምር ገንዘብ፣ የማያመጡት ፕሮፖዛል መጻፍ ስለማይችሉ ነው። የግራንት ጽሕፈት ቤታችን ግን በየዓመቱ ሥልጠና እየሰጠ ያግዛቸዋል። ግራንት ያገኘ ደግሞ የራሱን ጣጣ ራሱ ይወጣው፤ ቢሮው የግለሰብ ተላላኪ አይደለም።

አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ የሻይ ዕረፍቱን ቡና እንኳ ሳልቀምስ ወጣሁ። ጅማ ላይ ቡና ትቶ መውጣት ምን ያህል ንዴት እንደሚጠይቅ የአገሩ ሰው ያውቀዋል።

መጀመሪያ «መጻፍ አይችሉም» የምትለዋን እንያት። ይህ መምህር እዚህ ሳለ መጻፍ አይችልም። ቤልጂየም ወይም ኖርዌይ ሄዶ እዚያ ሲቀጠር ግን ብዙም ሳይቆይ ግራንት ያሸንፋል። ብዕሩ የተሳለው አውሮፕላን ውስጥ ነው? እዚያ በጀቱን የሚሠራለት፣ የገንዘብ ሰጪውን ደንብ የሚያነብለት፣ ቀኑ ሲደርስ ማመልከቻውን የሚልክለት ሰው ጎኑ ተቀምጧል። እሱ የሚጽፈው ሳይንሱን ብቻ ነው። እዚህ ሒሳብ ሹሙም፣ ግዥ ሠራተኛውም፣ ደብዳቤ አድራሹም እሱው ነው። ያውም ቀን ሲያስተምር ውሎ፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ኤክስቴንሽን አለበት።

ይህን ጅማ ድረስ መጥቶ መናገርም ድፍረት ይጠይቃል። ከዚህ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ጊልገል ጊቤ ግድብ ዙሪያ፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2005 ያቋቋመው የመስክ ምርምር ማዕከል አለ። ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ለቆ ሄደ እያለ ቤት ለቤት ይመዘግባል። የቤልጂየም ዩኒቨርሲቲዎችም ከጅማ ጋር ለዓመታት ሠርተዋል። መጻፍ ከማይችሉ ሰዎች ጋር ነበር?

በጣም ያበገነኝ ግን «የግለሰብ» የተባለው ነው። ክቡር ኃላፊ፣ ግራንት የግለሰብ አይደለም። ኤንአይኤች፣ የአሜሪካው የጤና ምርምር ተቋም፣ የምርምር ገንዘብ ሲሰጥ አመልካቹም ተቀባዩም ዩኒቨርሲቲው ነው። ውሉ በዩኒቨርሲቲው ስም ነው። መምህሩ በዋና ተመራማሪነት ስሙ ይጻፋል እንጂ ማመልከቻውን ራሱ መላክ እንኳ አይችልም። የመጨረሻዋን ቁልፍ የሚጫነው በዩኒቨርሲቲው ስም እንዲፈርም የተወከለ ኃላፊ ነው። እርስዎ ወይም እርስዎ የወከሉት ሰው ማለት ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ሳም የሚባል የአሜሪካ መንግሥት የተቋማት መዝገብ አለ። ምዝገባው በየዓመቱ ይታደሳል። ካልታደሰ ማመልከቻው አያልፍም። ማን ያድሰው? የወባ ተመራማሪው? አር ዜሮ ዋን ለሚባለው የኤንአይኤች ዋና ግራንት አዲስ ማመልከቻ የሚያስገባ ሰው መዝጊያ ቀኖቹን በቃሉ ያውቃቸዋል፦ ጥር 28፣ ግንቦት 28፣ መስከረም 25። ሰዓቱም በአመልካቹ አገር ሰዓት ከቀኑ 11 ነው። በዚያች ቀን ፈራሚው ስብሰባ ላይ ከሆኑ፣ ስልካቸውም ከተዘጋ፣ የስድስት ወር ሥራ ገደል ገባ። መቼም ሥልጠና ይህን አይመልሰውም።

እንግዲህ ማን ማንን እያገዘ ነው? መምህሩ ነው ለዩኒቨርሲቲው ገንዘብ እየፈለገ ያለው። ቢሮው የሚጠበቅበት የራሱን ሥራ መሥራት ነው።

ሥራውም የነጻ አይደለም። ኤንአይኤች ለውጭ ተቋማት ከቀጥተኛ ወጪው፣ ለምርምሩ ራሱ ከሚወጣው ማለት ነው፣ 8 በመቶ ድረስ ለአስተዳደር ይከፍላል። የአውሮፓ ኅብረት የምርምር ፕሮግራም ሆራይዘን ዩሮፕ ደግሞ 25 በመቶ። ኢትዮጵያ ከሆራይዘን በቀጥታ ገንዘብ ማግኘት ከሚፈቀድላቸው አገሮች አንዷ ናት። ስለዚህ 200 ሺህ ዩሮ ቀጥተኛ ወጪ ያለው ፕሮጀክት ላይ 50 ሺህ ዩሮ ኦቨርሄድ፣ ማለትም የአስተዳደር ወጪ መሸፈኛ፣ ይመጣል። ምን ይደረግበታል ተብሎ? መብራቱ፣ ኢንተርኔቱ፣ ሒሳብ ሹሙ፣ ግዥው እንዲሠራበት። ማለትም ያ ተላላኪ አይደለም የተባለው ቢሮ እንዲላላክበት ተከፍሎታል። ገንዘቡ የት ገባ ተብሎ ሲጠየቅ «ወደ ማዕከል ገቢ ሆኗል» ይባላል። ከማዕከል ተመልሶ ቤተ ሙከራ ሲደርስ ያየ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

ግራንቱ ከተገኘ በኋላ ያለውማ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ገንዘቡ ባንክ አለ፤ መንካት ግን አይቻልም። ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ ፋይናንስ «ሒሳብ እየዘጋን ነው» ይላል። ሰኔ 30 ያልፋል። ሐምሌ ላይ «በጀት ገና አልተጫነም» ይባላል። የግራንት ገንዘብ የመንግሥት በጀት እንዳልሆነ፣ ሰጪውም የእኛን ሰኔ 30 እንደማያውቀው ቢነገር ሰሚ የለም። ነሐሴ ላይ የሚፈርሙት ሰውዬ ዕረፍት ወጥተዋል። መስከረም ላይ ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ ይባላል። አምጥቻለሁ፣ ሰኔ ላይ ነው ያስገባሁት ብትል፣ ዋጋው አልፎበታል። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ ሦስት ወር ሙሉ የሚጠብቅልህ አቅራቢ የት ይገኛል? እንደገና ከሀ ይጀመራል።

እዚህ አካባቢ ወባ የሚበረታው ደግሞ መቼ ነው? ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር። ቡናውም የሚለቀመው ከዚያው ጊዜ ጀምሮ ነው። ትንኟ ፋይናንስን አትጠብቅም። የቤተ ሙከራው ኬሚካል፣ ሪኤጀንቱ፣ ታኅሣሥ ላይ ሲደርስ ወቅቱ አልፏል፤ መረጃ ሰብሳቢዎቹ ተበትነዋል፤ ሁለተኛ ዲግሪውን በዚያ ሥራ ሊጨርስ የነበረው ተማሪ ርዕስ ቀይሯል። አንድ ወቅት ያመለጠው ተመራማሪ የሚቀጥለውን መስከረም ነው የሚጠብቀው። የሦስት ዓመት ግራንት ከሆነ ሲሶው ሄደ ማለት ነው። ያልተሠራበት ገንዘብ ይመለሳል። ሰጪው ይህን መዝግቦ ይይዛል። መምህሩ በሚቀጥለው ሲወዳደር ይወድቃል። ከዚያ አንድ ኃላፊ ጅማ መጥተው መጻፍ አይችሉም ይሉታል!

አበል የሚያሳድድ ተመራማሪ የለም አልልም። ቅድመ ክፍያ ወስዶ ሳያወራርድ የሚጠፋም አለ። እሱን ይጠይቁት፣ ከደመወዙ ይቁረጡ። በእሱ አሳበው የሌላውን ሁሉ ፋይል መሳቢያ ውስጥ ማቆየት ግን ቁጥጥር ሊባል አይችልም።

ደግሞ ጊዜው እንደ ድሮው አይደለም። ብዙ የአሜሪካ ገንዘብ እዚህ ይደርስ የነበረው በአጋር ዩኒቨርሲቲ በኩል፣ በንዑስ ግራንት ነው። ሪፖርቱን፣ ቅጹን፣ ከሰጪው ጋር ያለውን ንትርክ የዚያ አገር ግራንት ቢሮ ይጨርሰው ነበር። የእኛዎቹ ደብዳቤ ላይ ማህተም ይመቱ ነበር። ሚያዝያ 2017 ላይ ኤንአይኤች ለውጭ ተቋማት አዲስ ንዑስ ግራንት እንደማይፈቅድ፣ በምትኩ የውጭው ተቋም ከኤንአይኤች ጋር በቀጥታ የሚገናኝበትን አሠራር እንደሚዘረጋ አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ዩኤስኤአይዲም ተዘጋ። የተረፈው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ ተወዳዳሪው ብዙ ነው፤ ወረቀቱንም የሚጨርስልን ሰው የለም። በዚህ ሰዓት ነው እንግዲህ ራሱ ይወጣው የሚባለው።

ሥልጠናውንም እናውቀዋለን። ሁለት ቀን ሆቴል ውስጥ ነው። አንድ ሰው ኮንሴፕት ኖት ምን እንደሆነ በፓወርፖይንት ያነብልናል። ከዚያ ሰርተፍኬት፣ አበል፣ የጋራ ፎቶ። በማግሥቱ ሸኚ ደብዳቤ ለማስፈረም ያው ኮሪደር ላይ ቆመን እንውላለን።

ለአንድ ዓመት ያቁሙት። በገንዘቡ ሁለት ሰው ይቅጠሩ። አንዱ የሰጪዎችን ደንብ አንብቦ በጀት የሚሠራ፣ አንዱ ግዥውን ከፕሮፎርማ እስከ መጋዘን የሚከታተል። ዓመት ካልበቃቸው ሌላ ዓመት ይጨመርላቸው። ፈራሚው በሌሉበት ቀን ማን እንደሚፈርም ደግሞ በደብዳቤ ይታወቅ። የኦቨርሄዱ ሒሳብ የቢሮው በር ላይ ይለጠፍ፤ ስንት ገባ፣ ለምን ወጣ። ይህን ሁሉ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ልጠይቅ እጄን አውጥቼ ነበር። ለጥያቄ ሰዓት የለንም ተባለ።