ዘራፍ፣ እርሳስ የማይነካው!

በሰሜን ሸዋ ጀግና ጠፍቶ አያውቅም። ጥንት በጦርና በጋሻ ነበር፤ ዛሬ በኪቦርድ ሆኗል። ከመሐል ሜዳ እስከ ሸዋ ሮቢት፣ ከዓለም ከተማ እስከ አረርቲ፣ ፕሮግራም የሚጽፈው ወጣት አንድ የሚያስቀና ጠባይ አለው፤ ሥራ ሲሰጡት ወረቀት አያወጣም። «ምን ይገባል፣ ምን ይወጣል፣ መሀል ላይ ምን ይደረጋል» እያለ እንደ ፈሪ አያመነታም። ጥያቄው ተነቦ ሳያልቅ እሱ ቅንፍ ከፍቷል። ጣርማ በር ላይ ጉሙ ዓይን ሲይዝ ሾፌሩ ሁሉ መብራት አብርቶ፣ ፍሬን እየነካ ቀስ ይላል። ጀግናችን በዚያ ጉም ውስጥ መብራቱን አጥፍቶ ነዳጅ ይረግጣል። እንዲህ ያለውን ሰው ሳያሞግሱ ማለፍ ንፉግነት ነው፦

ዘራፍ! እርሳስ ያልጨበጠ፣ ወረቀት ያልዳሰሰ፣
ኮዱን ከነስህተቱ ሌሊቱን ያፈሰሰ!

አስተማሪዎች ግን አያርፉም። አልጎሪዝም ማለት ቅደም ተከተሉ የታወቀ፣ እያንዳንዱ እርምጃ ሁለት ትርጉም የሌለው፣ ደግሞም መጨረሻ ያለው የአሠራር መንገድ ነው እያሉ ያሰለቹታል። ስሙም በ9ኛው መቶ ዘመን ባግዳድ ከነበረው የሒሳብ ሊቅ ከአል ኸዋሪዝሚ እንደመጣ ይነግሩታል። በ1947 እ.ኤ.አ. ጎልድስታይንና ቮን ኖይማን የኮምፒውተርን ሥራ በሣጥንና በቀስት እየሳሉ ማቀድን፣ ማለትም ፍሎውቻርትን፣ በጽሑፍ አሳዩ ይሉታል። ምስኪኖች! ኮምፒውተር በጣት በሚቆጠርበት ዘመን ስለነበሩ ቢጠነቀቁ አይፈረድባቸውም። የጀግናችን ላፕቶፕ ግን የራሱ ነው፤ መቶ ጊዜ ቢሳሳት ማን ይጠይቀዋል?

እናቱ ብቻ ነገሩን ያበላሹበታል። ጠላ ሲጠምቁ ጌሾው ሳይጠነሰስ እንኩሮ አይገባም፤ ብቅሉ ከየትኛው ቀን በኋላ እንደሚጨመር በቃላቸው ያውቁታል። አንድም ቀን «ሁሉንም ጋኑ ውስጥ ገልብጡት፣ ከመረረ በኋላ ስህተቱን ፈልገን ዲባግ እናደርገዋለን» ሲሉ ተሰምተው አያውቁም። ኋላ ቀርነት ነው እንግዲህ።

አንድ ሥራ እንይ። የሠፈሩ እድር መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ፈለገ እንበል። ደንቡ ሦስት መስመር ነው፤ የወር መዋጮ 50 ብር፤ እስከ ወሩ 10 ያልከፈለ 10 ብር ይቀጣል፤ ሦስት ወር በተከታታይ ያልከፈለ ይሰረዛል። ሦስት መስመር! ለዚህም ፍሎውቻርት? ጀግናችን ሳቀ፣ ሻይ አዘዘ፣ ጀመረ።

«እስከ ወሩ 10» ሲባል አሥረኛው ቀን ራሱ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? በወረቀት የሚያቅድ ሰው ውሳኔ የሚጻፍበትን ዳይመንድ ስሎ ውስጡ ጥያቄውን ሊጽፍ ሲል እጁ ይቆማል። «ቀኑ ከ10 ይበልጣል?» ነው ወይስ «10 ሆኗል ወይም አልፏል?» ስለዚህ ተነሥቶ ወደ እድሩ ዳኛ ይሄድና «ጋሼ፣ በአሥረኛው ቀን ማታ የመጣ ሰው ይቀጣል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ምን ያለ ውርደት ነው! ጀግናችን ጣቱ ቀድሞ የደረሰበትን ምልክት መታ። በአንዲት የእኩል ምልክት የተነሣ በአሥረኛው ቀን ገንዘብ ያዡ ደጅ የተሰለፈው ሁሉ ተቀጣ።

ቀኑንስ ከየት አመጣው? ከኮምፒውተሩ። ኮምፒውተሩ ደግሞ የሚያውቀው የፈረንጁን ነው። መስከረም 5 በማለዳ መዋጮዋን ያደረሰች እናት ለፕሮግራሙ ሴፕቴምበር 15 መጣች፤ 15 ከ10 ይበልጣል፤ ተቀጣች። እስከ መስከረም 25 እግሩን እየጎተተ የቆየው ጎረቤቷ ኦክቶበር 5 ስለደረሰ ያለ ቅጣት በክብር ተስተናገደ። የሚገባው ነገር በሚጻፍበት ፓራሌሎግራም ውስጥ «የተከፈለበትን ቀን ተቀበል» ብሎ የጻፈ ሰው «በየትኛው አቆጣጠር?» ማለቱ አይቀርም ነበር። መቼም ፓራሌሎግራም የሚስል ሰው ጥያቄ ይወዳል።

ጳጉሜን ደግሞ አልረሳትም፤ ይህን ልንመሰክርለት ይገባል። አገሩ በአሥራ ሦስት ወር ጸጋ ስትኮራ ኖራ እሱ ወሮቹን የሚደጋግመውን ዙር 12 ላይ ቢያቆም ክህደት ነው። ስለዚህ ከ1 እስከ 13 አዞረው፤ እድርተኛው ለአምስት ቀን ወር ድፍን 50 ብር ተጠየቀ። ደግነቱ ጳጉሜን 10 ብሎ ቀን የለምና በደንቡ ማንም በዚያ ወር አይቀጣም። በኋላ ደግሞ ቀኑ በአገሩ አቆጣጠር እንዲጻፍ አደረገ፣ ማረጋገጫም ጨመረበትና ጳጉሜን ከ5 እንዳታልፍ ከለከለ። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል 3 የሚተርፍ ከሆነ፣ እንደ 2015 ማለት ነው፣ ጳጉሜን 6 እንደምትሆን የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ፕሮግራሙ ግን በዚያች ቀን የመጣውን ገንዘብ «የተሳሳተ ቀን» ብሎ መለሰው።

እነዚህ ግን ቀላሎቹ ናቸው። የጀግናችን ጥበብ የሚታየው «በተከታታይ» በምትለው ቃል ላይ ነው። ቆጣሪ አበጀ፤ አባሉ ሳይከፍል በቀረ ቁጥር 1 ይጨምራል፤ 3 ሲሞላ ስሙ ይሰረዛል። ያምራል። አንድ አባል እንውሰድ፦ መስከረም አልከፈለም፤ ጥቅምትም አልከፈለም፤ ኅዳር ከፈለ፤ ታኅሣሥ አልከፈለም። ፈሪው ሰው ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ ያሰምራል፤ ወር፣ ከፈለ ወይ፣ ቆጣሪ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ሆኖ በእርሳስ ይሞላል። መስከረም 1። ጥቅምት 2። ኅዳር ላይ ሲደርስ እርሳሱን ጆሮው ላይ ይሰካል። ከፍሏልኮ፤ ታዲያ ቆጣሪው ምን ይሁን? በጀግናችን ኮድ ማንም አልነካውም፤ 2 እንደሆነ አለ። ታኅሣሥ ላይ 3 ሞላ፤ ሰውየው ከእድር ወጣ። በተከታታይ ሳይከፍል የቀረው ግን ሁለት ወር ብቻ ነው።

ፍሎውቻርት ቢኖር ኖሮ ከዳይመንዱ «ከፍሏል» ብሎ የሚወጣው ቀስት አንዲት የሥራ ሣጥን፣ ሬክታንግል፣ ይፈልግ ነበር፤ ውስጧ «ቆጣሪ 0 ይሁን» የተባለባት። ዳይመንድ ሁለት መውጫ አለው፤ አንዱን ባዶ ከተዉት እንዳልተዘጋ በር ያፈጥጣል። ኮድ ላይ ግን «ካልሆነ» የሚለውን ክፍል ሳይጽፉ ቢያልፉ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ቅር አይለውም፤ ሰዋስው እንጂ እድር አያውቅም። ይባስ ብሎ ጀግናችን ቆጣሪውን መጀመሪያ 0 የሚያደርገውን መስመር ከአባላቱ ዙር ውጭ፣ ከሁሉ በላይ አስቀመጠው። አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል ማለት ነው። ስለዚህ በመዝገቡ የላይኛው አባል ዕዳ ለታችኛው ይተላለፋል። ከእድር አልፎ ርስት ሆነ።

ጀግናችን ፍሎውቻርት አይሠራም የሚሉ ሰዎች ግን ስሙን ያጠፋሉ። ይሠራል። ኮዱ ካለቀ በኋላ፣ በማስረከቢያው ዋዜማ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ። አሠራሩም ቀላል ነው፤ እያንዳንዷን የኮድ መስመር አንሥቶ አንድ አንድ ሣጥን ያለብሳታል። ፓራሌሎግራም ለሚገባና ለሚወጣ ነገር፣ ሬክታንግል ለሥራ፣ ዳይመንድ ለውሳኔ የሚባለውን ልዩነት አይወደውም፤ መልክ የሚያምረውን ይመርጣል። «ጀምር» የሚል ኦቫል አለው፤ «ጨርስ» የሚለው ከገጹ በታች ቀርቷል። ዎርድ ላይ ሲስል ከቅርጹ ጋር የሚጣበቀውን ኮኔክተር ትቶ ተራ መስመር ይጎትታል፤ ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ሣጥኑ ወደ ቀኝ፣ ቀስቱ ወደ ግራ ይሄዳል። አሁን አሁንማ ያም ድካም ቀርቷል፤ ኮዱን ለቻትቦት ለጥፎ «ፍሎውቻርት ሥራልኝ» ማለት ነው። ከኮድ የተሳለ ፍሎውቻርት እንደ ፎቶግራፍ ታማኝ ነው። ኮዱ ውስጥ የሌለችው ሬክታንግል ሥዕሉም ላይ የለችም፤ ምንም አያጋልጥበትም።

ሱዶኮዱም፣ በተራ ቋንቋ የሚጻፈው የኮድ ረቂቅ፣ እንዲሁ ነው። በሲ ፕላስ ፕላስ ቋንቋ የጻፈውን ኮድ ገልብጦ የመስመር መዝጊያዎቹን ሴሚኮለኖች ያጠፋል፤ በቃ፣ ሱዶኮድ። እንጂ «አባሉ ከከፈለ ቆጣሪውን ወደ 0 መልስ፤ ካልከፈለ 1 ጨምር፤ ቆጣሪው 3 ከሆነ ሰርዝ» ብሎ በገዛ ቋንቋው ቢጽፈው የእድሩ ዳኛ መነጽራቸውን አድርገው ሊያነቡት፣ ብሎም ሊያርሙት ይችሉ ነበር። ሽማግሌ ኮዱን እንዲያርምበት የሚፈቅድ ጀግና የት ታይቶ!

ሳናመሰግነው የማናልፈው ሌላም ነገር አለ። «ያልከፈለ አባል እስካለ ድረስ ድገም» ብሎ ዙር ይከፍትና ወደ ቀጣዩ አባል የሚያሻግረውን መስመር ይረሳል። ፕሮግራሙ የመጀመሪያውን ባለዕዳ እያየ እስከ ምጽአት ይዞራል። ፕሮሰሰሩ ይግላል፣ ማራገቢያው ያጓራል፣ ላፕቶፑ እንደ ምድጃ ይፋጃል። አልጎሪዝም ማለቅ አለበት የሚሉት አስተማሪዎች የደብረ ብርሃንን የኅዳር ሌሊት አያውቁትም ማለት ነው፤ ከጋቢ ሥር እንዲህ ያለ ማሞቂያ በነጻ የት ይገኛል?

መብራት ሲጠፋና ቻርጁ ሲያልቅ ጀግናችን እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። እርሳስና ወረቀት መብራት አይፈልጉም የሚል ቢኖር አትስሙት። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የሚሉትንም እንዲሁ። ተረቱ ድስት ጥዶ ስለሚያለቅስ ሰው ነው፤ የእኛው ድስቱን ጥዶ ጎግል ያደርጋል።

የእድሩ ስብሰባ ቀን ዝርዝሩ ታትሞ መጣ። ተሰርዘሃል የተባለው አባል «ኅዳርን ከፍያለሁ፣ ደረሰኙ ይኸው» እያለ ቆመ። ጀግናችን «አባቴ፣ ሲስተሙ ነው» አለ። ጸሐፊው ምንም ሳይናገሩ አሮጌውን ደብተር ከፈቱ። በየወሩ ዓምድ ተሰምሯል፤ ያልከፈለ ሰው ስም ፊት አንድ ጭረት፣ ሲከፍል ጭረቶቹ በአንድ አግድም መስመር ይሰረዛሉ። ኅዳር ላይ ሁለቱ ጭረቶች ተሰርዘዋል፤ ታኅሣሥ ላይ አንዲት ጭረት ብቻዋን ቆማለች።

ጀግናችን ደብተሩን አየት አደረገና «ይሄማ ቀላል ነው» ብሎ ላፕቶፑን ከፈተ።