መስኮት ገርበብ ማድረግ ከጋዙ አያድንም

«ሞተር አስነስተህ መኪና ውስጥ ብትተኛም፣ መስኮቱን ገርበብ ካደረግክ ምንም አትሆንም» የሚል ምክር በሾፌሮች መካከል ሲዘዋወር አያለሁ። ምክሩ ከቅንነት ነው፤ ግን ልክ አይደለም።

ገዳዩ ከሞተሩ ጭስ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ነው። ቀለምም ሽታም የለውም። ደም ውስጥ ሲገባ ሄሞግሎቢንን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ፕሮቲን) ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ማርሚታው ከተበሳ፣ ወይም የጭስ ማውጫው በበረዶ ወይም በጭቃ ከተደፈነ ጋዙ በወለሉ ሽንቁር ወደ ውስጥ ይገባል። ያቺ ትንሽ ክፍተት ጠርጋ አታወጣውም፤ እንደ ንፋሱ አቅጣጫ እንዲያውም ጭሱን ልታስገባ ትችላለች። የነቃ ሰው ራሱን ሲያመው፣ ሲያጥወለውለው ከመኪናው ይወርዳል። የተኛው ግን ምንም ሳይሰማው እዚያው ሊቀር ይችላል።

ማረጋገጥ የሚፈልግ መካኒክ ጋ ሄዶ ከሞተሩ እስከ ማርሚታው ያለውን የጭስ ቱቦ ያስፈትሽ። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያም አለ። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ግን (ብዙዎች ያምኑታል) ሁለቱን ጋዞች ስለማይለይ በተመረዘ ሰው ላይም ደህና ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ለመተኛት ሞተር ይጥፋ፤ ለብርዱ ጋቢ አለ።