መተላለፊያ ነን ማለት ይብቃ

መንግሥት አደንዛዥ ዕፅን በቅንጅት እየተከላከለ ነው በተባለ ቁጥር አንድ አባባል ተከትሎ ይመጣል። ኢትዮጵያ የዕፅ መተላለፊያ እንጂ መዳረሻ አይደለችም ይሉናል። ሰሞኑንም ይህንኑ ሰማሁ። አሁንስ በዛ!

ይህን የሚል ሰው ሻሸመኔን ዘንግቷል። የሻሸመኔ ካናቢስ ከሳኦ ፓውሎ በአውሮፕላን አልመጣም። እዚሁ ይዘራል፣ እዚሁ ይታጨዳል፣ እዚሁ ይጨሳል።

ካናቢሱንም እንተወው። ትራማዶልን የትኛው ኬላ ይይዘዋል? ሱስ የሚያስይዝ የህመም ማስታገሻ ነው፤ ሐኪም ለታመመ ሰው ያዘዋል። ግን አንዳንድ ሰፈር ፋርማሲ ገብታችሁ ቁሙ። ልጁ ማዘዣ አይጠየቅም። ሻጩ እሽጉን በመቀስ ቆርጦ ሁለት ሦስት ፍሬ ያቀብለዋል። ልጁ ኪሱ ከትቶ ውልቅ ይላል። ቦሌ ላይ ኮኬይን ውጠው የሚመጡ መንገደኞችን የሚይዙ ፖሊሶችና የጉምሩክ ሠራተኞች ምስጋና ይገባቸዋል። ይህን ልጅ ግን የኤርፖርት ፍተሻ አያገኘውም።

ታዲያ ማን ያገኘዋል? አስመጪውንና አከፋፋዩን የሚቆጣጠረው የፌዴራሉ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። የችርቻሮ ፋርማሲው የክልሉ ወይም የከተማው ተቆጣጣሪ ድርሻ ነው። ፖሊስ የሚመጣው ልጁ ሲያጠፋ፣ ጤና ሚኒስቴር ደግሞ ልጁ ሲታመም ነው። አከፋፋዩ ስንት ሸጠ? ፋርማሲው በማዘዣ ያስተናገደው ስንት ነው? ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ልዩነቱ የት ገባ ብሎ አንገት የሚይዝ ማነው? ቅንጅት ማለት ይሄ ነው። በየሆቴሉ አዳራሽ ተሰብስቦ የአቋም መግለጫ ማንበብ ቅንጅት አይደለም፤ አንድም ፍሬ ክኒን አላስቆመም።

ሕጉማ አለ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 አዘዋዋሪውንም ተጠቃሚውንም ይቀጣል። እሺ፣ ልጁ ታሰረ። ሱሱን ይዞ ገባ፣ ሱሱን ይዞ ወጣ። ከዚያ እናቱ አማኑኤል ሆስፒታል ደጅ ስትመላለስ ትከርማለች። ያሰረው አካል ፋይሉን ዘግቷል። የሚያክመው አካል ልጁ መኖሩን እንኳ አያውቅም።

በመጪው ሰኔ 19፣ የፀረ አደንዛዥ ዕፅ ቀን ሲከበር፣ መድረክ ላይ የሚወጣው ኃላፊ ስንት ኪሎ ኮኬይን እንደተያዘ ብቻ አይንገረን። ያለ ማዘዣ ሲሸጥ ተገኝቶ ፈቃዱን ያጣው ፋርማሲ ስንት ነው? ከማረሚያ ቤት ወደ ሕክምና የተላለፈውስ ወጣት? ቁጥሩ ከሌለው፣ ቁጥሩን መያዝ የነበረበት የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ ስሙን ጠርቶ ይንገረን።