ኦቲዝም ላለበት ልጅ የተፈቀደ ኤስ ኤስ አይ ከእጅ የሚወጣው እንዴት ነው?

አሜሪካ ባሉ የኢትዮጵያውያን ማኅበራት፣ ቤተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ስለ ኤስ ኤስ አይ (ሶሻል ሴኩሪቲ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አካል ጉዳተኞችና አረጋውያን በየወሩ ስለሚከፍለው የፌዴራል ድጎማ) የሚሰጠው ገለጻ አብዛኛውን ጊዜ ማመልከቻው ላይ ያበቃል። ፎርሙ ተሞላ፣ ልጁ ተፈቀደለት፣ እሰየው ተባለ፣ አለቀ። ጣጣው የሚጀምረው ግን ከዚያ በኋላ ነው፤ ለዚህኛው ክፍል ትምህርት የሚሰጥ ሰው ማጣታችን ቤተሰቦችን ብዙ እያስከፈለ ነው።

በ2026 ከፍተኛው የፌዴራል ክፍያ በወር 994 ዶላር ነው። በአብዛኞቹ ግዛቶች አብሮት ሜዲኬይድ፣ ማለትም መንግሥት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የጤና መድን፣ ይመጣል። የንግግርና የባህሪ ሕክምና ምን ያህል እንደሚያስከፍል የሚያውቅ ወላጅ ከገንዘቡ ይልቅ ሜዲኬይዱ ቢያሳስበው አይፈረድበትም። ክፍያው ሲቋረጥ እሱም አደጋ ላይ ይወድቃል።

ስለ ማመልከቻው ብዙ አንልም። ኤስ ኤስ አይ ወደ ኋላ ተቆጥሮ አይከፈልም፤ የሚታሰበው ካመለከቱበት ቀጥሎ ካለው ወር ጀምሮ ነው። ስለዚህ ሰነድ እስኪሟላ አይጠበቅም፤ መጀመሪያ ሶሻል ሴኩሪቲ ደውሎ ቀኑን ማስያዝ ነው። አስተርጓሚም በነፃ ይሰጣሉ። እዚህ የተወለደ ልጅ ዜጋ ስለሆነ የወላጁ ወረቀት አያግደውም። በዲቪ የመጣ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ አያልፍም፤ ነገር ግን 18 ዓመት ሳይሞላው አብሮት የሚኖረው ወላጅ ዜግነት ካገኘ፣ ግሪን ካርድ ያለው ልጅም አብሮ ዜጋ ይሆናልና ያን ጊዜ እንደገና ይመልከት። ሌላው ችግር ገመናን መደበቅ ነው። «ራሱ ይለብሳል» ብሎ መጻፍና «ልብሱን አንድ በአንድ ካላቀበሉት ጀምሮ ይተወዋል፤ የካልሲው ስፌት ከቆረቆረው አውልቆ ይጥላል፤ ጠዋት ጠዋት አርባ ደቂቃ ይፈጃል» ብሎ መጻፍ ሰማይና ምድር ናቸው። ቢሮው የሚመዝነው የምርመራውን ስም ብቻ ሳይሆን ልጁ የሚያቅተውን ነገር ነው። ከትምህርት ቤት የሚሰጠው አይ ኢ ፒ (ለልጁ የሚዘጋጀው የልዩ ትምህርት ዕቅድ) እና የመምህሩ መጠይቅ እዚህ ላይ ትልቅ ክብደት አላቸው።

ከተፈቀደ በኋላ ወላጁ ገንዘቡን የሚቀበለው በአደራ ነው። ሂሳቡ ገንዘቡ የልጁ መሆኑን በሚያሳይ አጠራር ለብቻው መከፈት አለበት፤ ከእናትና አባት የጋራ ሂሳብ ጋር መቀላቀል አይቻልም። ከልጁ ጋር የሚኖሩ ወላጆች ዓመታዊውን ሪፖርት እንዳይልኩ በ2018 የወጣ ሕግ ነፃ አድርጓቸዋል። ይህን «መዝገብ አያስፈልግም» ብለው የተረዱት ብዙ ናቸው፤ ያስፈልጋል፣ ቢሮው በፈለገ ጊዜ መጠየቅ ይችላል። ከቤት ኪራዩና ከምግቡ የልጁ ድርሻ፣ ልብሱ፣ ዳይፐሩ፣ ሕክምናው በየወሩ አንድ ገጽ ላይ ቢጻፍና ደረሰኙ ቢያያዝ ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚደናገረው በደሞዙ ነው። ልጁ 18 እስኪሞላው የወላጆቹ ገቢ በከፊል እንደ ልጁ ገቢ ይቆጠራል፤ ስሌቱም አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ወር በፊቱን ገቢ ይይዛል፣ የጥር ደሞዝ የመጋቢትን ክፍያ ይወስናል። በየሁለት ሳምንቱ የሚከፈለው ወላጅ በዓመት 26 ቼክ ስላለው በሁለት ወሮች ሦስት ሦስት ቼክ ይደርሰዋል። ከሁለት ወር በኋላ የልጁ ክፍያ ሲያሽቆለቁል ግን ምክንያቱ ጠፍቶት ይበሳጫል። የኡበር ሹፌር ጉዳይ ይለያል፤ የእሱ የዓመት የተጣራ ገቢ ለ12 ይካፈላል። የቤንዚንና የጥገና ወጪውን በታክስ ላይ በትክክል ያላስመዘገበ ሹፌር እዚህም ይጎዳል። ማንኛውም የገቢ፣ የአድራሻ ወይም የቤተሰብ ቁጥር ለውጥ ለውጡ ከመጣበት ወር በሚቀጥለው ወር እስከ 10ኛው ቀን መነገር አለበት። በስልክ የተናገረ ሰው ቀኑን፣ ሰዓቱንና ያነጋገረውን ሠራተኛ ስም ይጻፍ።

ቀጥሎ ቁጠባው አለ። ልጁ ሊኖረው የሚችለው ንብረት 2,000 ዶላር ነው፤ ለአንድ ወላጅ 2,000፣ ለሁለት ወላጆች 3,000 ይተውላቸውና ትርፉ እንደ ልጁ ይታያል። የሚኖሩበት ቤት፣ አንድ መኪናና የወላጆች የጡረታ ቁጠባ አይቆጠሩም። የ2,000ው ጣሪያ ከ1989 ወዲህ አልተነካም። የኑሮ ውድነቱ ከእጥፍ በላይ በጨመረበት ዘመን ይህ ድሀን አትቆጥብ ብሎ መቅጣት ነው፤ ኮንግረሱ ሊያፍርበት ይገባል። እስኪቀየር ድረስ ግን ሕጉ ይህ ነው፣ የሚታየውም በወሩ የመጀመሪያ ቀን ሂሳብ ውስጥ ያለው ገንዘብ ነው።

እዚህ ላይ ነው ዕቁብ ጉድ የሚሠራው። በወሩ 28 የወጣ የ15,000 ዶላር ዕቁብ በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ ቀን ሂሳብ ውስጥ ከተገኘ የዚያ ወር ክፍያ የለም። ለወንድም «አስቀምጥልኝ» ብሎ መስጠትም አያድንም፤ ተመልሶ የሚወሰድ ገንዘብ የሰጪው ነው። ዕቁብተኛ ወላጅ ቢያንስ የከፈለበትን ዙር በሙሉ የሚያሳይ ወረቀት ይያዝ፤ ዕጣው ሲወጣም በወሩ ውስጥ ለዕዳ ወይም ለመኪና ጥገና ያዋለውን በደረሰኝ ያስቀምጥ። በልጁ ስም «ጎ ፈንድ ሚ» በተባለው የእርዳታ ማሰባሰቢያ ድረ ገጽ የሚሰበሰብ ገንዘብም ያው ነው። ሕጋዊ መውጫው በ2014 የተፈቀደው ኤብል አካውንት፣ ማለትም ለአካል ጉዳተኛ የሚከፈት የቁጠባ ሂሳብ ነው፤ በ2026 በዓመት እስከ 20,000 ዶላር ይገባበታል፣ እስከ 100,000 ዶላርም ለኤስ ኤስ አይ አይቆጠርም። ለአካል ጉዳት ወጪ እስከዋለ ድረስ ግብርም የለበትም። ይህን የማያውቅ ቤተሰብ ብዛት ያስገርማል።

ውሳኔው ዘግይቶ ውዝፍ ሲከፈል ከወርሃዊው ከፍተኛ ክፍያ ስድስት እጥፍ የሚበልጠው የልጅ ውዝፍ ልዩ ሂሳብ ውስጥ ነው የሚገባው። ከዚያ ለኪራይ፣ ለምግብና ለልብስ ማውጣት አይቻልም። ለሕክምና፣ ለትምህርት፣ ከኦቲዝሙ ጋር ለተያያዘ መሣሪያ ወይም ቴራፒ ይቻላል። ከዚህ ውጭ ያወጣ ወላጅ ከኪሱ ይተካል።

ክረምት ላይ አገር ቤት የሚሄዱ ደግሞ ቀን ይቁጠሩ። ልጁ 30 ተከታታይ ቀናት ከአሜሪካ ውጭ ከቆየ ክፍያው ይቆማል፤ የሚቀጥለውም ተመልሶ 30 ተከታታይ ቀናት ከኖረ በኋላ ነው። ሳይነገር የተከፈለውም እንደ ዕዳ ይመለሳል።

የዕዳ ደብዳቤ ከመጣ መሳቢያ ውስጥ አይቀመጥም። ስሌቱ ስህተት ነው የሚል በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይላል፤ ዕዳው እውነት ሆኖ ጥፋቱ የእሱ ካልሆነና የመክፈል አቅም ከሌለው ደግሞ በፎርም 632 ምሕረት ይጠይቃል፤ ለዚህኛው የጊዜ ገደብ የለም። ሁለቱን አንድ ላይ ማስገባትም ይቻላል።

ልጁ 18 ሲሞላው ፋይሉ በአዋቂዎች መመዘኛ እንደ አዲስ ይታያል። የወላጅ ገቢና ንብረት ከዚያ ወዲህ አይቆጠርም፤ በወላጆቹ ደሞዝ ምክንያት ተከልክሎ የቆየ ልጅም ያኔ ማመልከት አለበት። ቤት ውስጥ በነፃ ከኖረና ከበላ ግን እስከ ሲሶ የሚሆነው ሊቀነስበት ስለሚችል፣ ድርሻውን የሚገልጽ የኪራይ ስምምነት በጽሑፍ ተዘጋጅቶ ገንዘቡ በየወሩ ከእሱ ሂሳብ ወደ ወላጆቹ ሂሳብ ይተላለፍ፤ በእጅ የተሰጠ ካሽ ማስረጃ የለውም።