እኔ የቱ ጋ ነኝ?

በአገራችን ታሪክ የማይተርክ የሙከራ ፊልም ተመልካች የለውም ተብሎ ሲነገር በሰማሁ ቁጥር፣ የሰርግ ቪዲዮ ተረስቶ መሆን አለበት እላለሁ። ሙሽራዋ ከሚፈነዳ ጽጌረዳ መካከል ብቅ ትላለች፤ ሙሽራው በልብ ቅርጽ ተከቦ፣ በሕይወቱ አይቶት በማያውቀው ፏፏቴ ላይ ይንሳፈፋል፤ ከዚያም ሁለቱ በግዮን ሆቴል አትክልት ስፍራ አንዱን ዛፍ፣ ያለ አንዳች ግልጽ ምክንያት፣ ይዞሩታል፣ ቆመው ይተያያሉ፣ እንደገና ይዞሩታል። ሚዜዎቹ ጥቁር መነጽር አድርገው በስሎው ሞሽን ወደ ተመልካቹ ይገሰግሳሉ፤ ወዴት እንደሚሄዱ አይነገረንም፣ ሲደርሱም አናይም። ካሜራው ጥሬ ሥጋው ከተሰቀለበት ድንኳን የደረሰ እንደሆነ ሙሽሮቹን እርግፍ አድርጎ ይተውና የሚጎርሱ አፎችን አንድ በአንድ፣ ምንም ሳይቸኩል፣ ሲያሳይ ይቆያል። ኤዲተሩ ተሳስቶ መልሱን ከሰርጉ ቢያስቀድመው እንኳ ቅር የሚለው የለም። ይህን ሁሉ ለሰዓታት የተመለከተ ቤተሰብ፣ በማግስቱ እንግዳ ሲመጣ ከመጀመሪያው ይከፍተዋል፤ «ለመሆኑ ታሪኩ ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ግን እስካሁን አልተሰማም።

አሜሪካዊው ሰዓሊ አንዲ ዋርሆል በ1964 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ ካሜራውን ከኢምፓየር ስቴት ሕንፃ ትይዩ ተክሎ፣ ከምሽት ጀምሮ እኩለ ሌሊት እስኪያልፍ ድረስ ሕንፃውን ብቻ ቀረጸ። በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) የተቀረጸው በ16 ፍሬም እንዲታይ ስለተደረገ ፊልሙ ስምንት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ሕንፃው አይጨፍርም፣ አይጎርስም፣ አማቱንም አይስምም። ኮሪያ የተወለደው አርቲስት ናም ጁን ፓይክ ደግሞ በዚያው ዘመን ምንም ያልተቀረጸበትን ጥርት ያለ ፊልም በማሳያ መሣሪያ ላይ አዙሮ፣ ለተመልካቹ ነጭ ብርሃንና የሚያልፍ አቧራ አሳይቷል። ሁለቱም በሥነ ጥበብ ታሪክ ውስጥ ገብተዋል። የእኛ ቪዲዮ ቀራጭ ካሜራውን ሳያጠፋ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ምሳውን ሲበላ የተቀረጸው፣ ወለልና ጫማ ብቻ የሚታይበት ክፍል ግን የገባው ቡፌው መሳቢያ ውስጥ ነው። ያም ሆኖ ዘመዶች እዚያ ክፍል ሲደርሱ አያሳልፉትም። ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ብለው «ይሄ የማን ጫማ ነው?» ይባባላሉ፤ ይከራከራሉ፤ በመጨረሻም የአንዱን አጎት ከተረከዙ መንሻፈፍ ለይተው ያውቁታል። ቪዲዮ አርት ሠሪ፣ ማለትም ሰዓሊ ሸራውን እንደሚጠቀም ቪዲዮን ለሥነ ጥበብ የሚጠቀም ሰው፣ ዕድሜውን ሙሉ የሚለምነው እንዲህ ያለ ተመልካች ነው።

እንግዲህ የዚሁ ቤተሰብ ልጅ ቪዲዮ አርት ሠርቶ መጣ እንበል። ሥራው ከቦኖ ውኃ ጠብ ጠብ ሲል፣ ከፊቱም ቢጫ ጀሪካኖች ተሰልፈው ሲጠብቁ ለሰባት ደቂቃ ያሳያል። በበኩሌ መልካም ሥራ ነው እላለሁ፤ ውኃ በፈረቃ ለሚያገኝ ሰፈር ከዚህ የበለጠ ልብ አንጠልጣይ ፊልም አላውቅም። ቡና እየተቀዳ፣ ፈንዲሻ እየዞረ፣ ሁለት ደቂቃ በጨዋነት ያልፋል። በሦስተኛው አጎት ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው «ልጄ፣ መቼ ነው የሚጀምረው?» ይላሉ።

«ጀምሯል እኮ፣ ጋሼ።»

«ማስታወቂያ መስሎኝ!»

አክስት የልጁን ፊት አይተው ሊያግዙት ይሞክራሉ፤ «የውኃ ልማት ሥራ ነው መሰለኝ፤ የሚያስፈልግ ነገር ነው» ይላሉ። ከዚህ በኋላ ሪሞቱ ማን እጅ እንደገባ ሳይታወቅ ቴሌቪዥኑ ወደ ድራማው ይዞራል።

ልዩነቱ የጥበብ አይደለም። የሰርጉን ቪዲዮ የሚያየው ሰው ሁሉ በልቡ የያዘው ጥያቄ «እኔ የቱ ጋ ነኝ?» የሚል ነው፤ እስኪመጣም ድረስ ጽጌረዳውንም ፏፏቴውንም በትዕግሥት ያሳልፋል፣ ከመጣም በኋላ እንደገና ሊመጣ ይችላል ብሎ ይጠብቃል። ከነአካቴው ያልመጣ እንደሆነ ነገሩ ይከፋል፤ «ኤዲተሩ ቆረጠኝ» ብለው ከሙሽራዋ እናት ጋር የተኳረፉ፣ ሽማግሌ የተላከባቸው አክስቶች አሉ። ጀሪካን ግን ዘመድ የለውም።

በጋለሪ ያለው ተመልካች ከዚህ ይሻላል የሚሉ አሉ። ሰዓሊው እዝራ ውቤ በ2015 እ.ኤ.አ. የመሠረተው የአዲስ ቪዲዮ አርት ፌስቲቫል ሥራዎቹን ወደ አደባባይ ማውጣቱ ብልህነት ይመስለኛል፤ መንገደኛ ቢያንስ ያልገባውን «አልገባኝም» ይላል። በጋለሪ ምረቃ ላይ ግን እንዲህ ብሎ መናገር ነውር ስለሆነ፣ ሁሉም ወይኑን ይዞ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ይነቀንቃል። ሠሪው ሥራው «በጊዜ፣ በቦታና በማንነት መካከል ያለውን ውጥረት እንደሚጠይቅ» ያብራራል፤ ይህ ማብራሪያ ለኮንዶሚኒየም ዕጣ አወጣጥም ያለ ለውጥ ያገለግላል። ላፕቶፑ ስታክ አድርጎ ምስሉ ሲቆም ደግሞ ታዳሚው በአርምሞ ይመለከታል፤ ዝምታው የሚሰበረው ጥበቃው መጥቶ ገመዱን ሲነቀንቀው ነው። ከዚያ እያንዳንዱ በተራው ከፕሮጀክተሩ ፊት ይቆምና፣ ጥላው ግድግዳው ላይ ማረፉን አረጋግጦ፣ ራሱን ፎቶ ያነሣል። ማታ ፎቶዎቹ በየስልኩ ሲዘዋወሩ ጥላውም ፈገግታውም ይታያል፤ ሥራው በፍላሹ ብርሃን ነጥቶ ጠፍቷል።

በቪዲዮ አርት የቤት ኪራይ ስለማይከፈል ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰርግ ይቀርጻል። በቅርቡ ፊት የሚባል ነገር የሌለበት፣ እጅ ብቻ የሚታይበት ረዘም ያለ ክፍል ሠርቶ በአንዱ ሰርግ ቪዲዮ መካከል ሰነቀረው፤ የሚታጠቡ እጆች፣ የሚያጎርሱ እጆች፣ የሚያጨበጭቡ እጆች፣ ቀለበቱ አልገባ ያለው ጣት። ለስድብ ተዘጋጅቶ ነበር። ቤተሰቡ ግን ያንኑ ክፍል እየመለሰ አየው፤ ባለአምባሩን፣ ባለእንሶስላውን፣ በልጅነቷ ወፍጮ የጎዳትን ጣት አንድ በአንድ በስም ጠራ። የሙሽራዋ እናት በማግስቱ ስልክ ደውለው ካመሰገኑ በኋላ አንዲት ቅሬታ ብቻ አቀረቡ፤ የታላቅ እህታቸው እጅ አልገባም።