ከውጫሌ እስከ ኤምባሲዎች ደጃፍ

በእርስ በርስ ጦርነት መሃል የውጭ መንግሥታትን ደጅ መጥናት ለወሎ ሰው አዲስ ወሬ አይደለም። የየጁው ራስ አሊ በ1842 ዓ.ም. ከእንግሊዙ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራርመው ነበር፤ በ1845 ዓ.ም. በአይሻል ጦርነት ግን ውሉ ከደጃዝማች ካሳ (ከኋላው አፄ ቴዎድሮስ) ጦር አላዳናቸውም።

የባሰው የውጫሌው ነው። አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወድቀው ሁለት ወር ሳይሞላ፣ የትግራዩ ራስ መንገሻ ዘውዱ ይገባኛል በሚሉበት ወቅት፣ አፄ ምኒልክ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚሁ አምባሰል ውስጥ ከኢጣሊያው ኮንት አንቶኔሊ ጋር ውል ገቡ። ስለዚህ ውል በተነሣ ቁጥር ሁሉም የጣሊያንኛው ቅጂ ኢትዮጵያን የውጭ ግንኙነቷን በኢጣሊያ በኩል እንድታደርግ ወደሚያስገድደው አንቀጽ 17 ይሮጣል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን አስመራን ጨምሮ ደጋውን ለኢጣሊያ የተወው የድንበር አንቀጽ፣ አንቀጽ 3 ነው። አንቀጽ 17ን የዓድዋ ድል ሻረው፤ በአንቀጽ 3 የሄደው መሬት ግን ከድሉ በኋላም አልተመለሰም። ይህን የማነሣው ንጉሡን ለመክሰስ አይደለም፤ ተቀናቃኝ ያለበት ሰው ለውል ሲቀመጥ ዲፕሎማቱ ችኮላውን አይቶ ዋጋውን እንደሚተምን ለማሳየት ነው።

በቅርቡ የሰሜኑ ጦርነትም ያየነው ከዚህ አይርቅም። ደሴና ኮምቦልቻ በኅዳር 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ከሕወሓት ኃይሎች እጅ እንደወጡ፣ አሜሪካ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ ኢትዮጵያን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ ከሚያስገባው ከአጎዋ አስወጣች። በኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ በመስፋት የሚተዳደሩት ወጣት ሴቶች ጦርነቱን አልጀመሩም፤ የገበያው መዘጋት ግን የነሱን እንጀራ ነካ። ውጭ አገር ተቀምጦ ማዕቀብ ይጣል ማለት ለጠያቂው ምንም አያስከፍለውም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ሲፈረም ደግሞ አወዛጋቢ አካባቢዎች በሕገ መንግሥቱ መሠረት እንዲፈቱ ተጻፈ፤ ፈራሚዎቹ የፌዴራል መንግሥቱና ሕወሓት ነበሩ፣ ከአወዛጋቢዎቹ አካባቢዎች አንዱ የሆነው የራያ ሰው ግን በጠረጴዛው ዙሪያ አልነበረም።

የእርዳታ መንገድ እንዲከፈት፣ ወንጀል በገለልተኛ ወገን እንዲመረመር፣ አደራዳሪ እንዲገባ ወደ ውጭ መጮኽ ተገቢ ነው፤ ሕዝብ ሲያልቅ ዝም በሉ የሚል ካለ አልሰማውም። የጦር መሣሪያ፣ ማዕቀብና የግዛት ተስፋ የሚነገድበት ጉዞ ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ዛሬ በአማራ ክልል የሚዋጋ ማንኛውም ወገን፣ መንግሥትም ሆነ ታጣቂ፣ ለኤምባሲዎች የሚሰጠውን ደብዳቤ፣ በምላሹ የሚሰጠውን ጭምር፣ አስቀድሞ በአማርኛ ለሕዝብ ይፋ ያድርግ።